ኪዱ ያስቀመጠው ቦርሳ

እናቴ ቤት ማጽዳት የጀመረችው አርዶ ልጇን ልትድር መሆኑን በነገረችን ሳምንት ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አርዶ አከራያችን ናት፤ ልጅነቷን በስደት ድሬዳዋ አሳልፋ ወደ ሐርጌሳ የተመለሰች፣ አማርኛዋ ከኛ የሚፈጥን ሴት። እኔ «ኢዶ» ነበር የምላት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከግቢዋ ጀርባ ሁለት ክፍል አከራይታን ነበር። በአንዱ እኔና እናቴ እንተኛለን። በሌላው ዕቃ ይተኛል።

«የሺ፣ አቦ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት እናቴን በሩ ላይ ቆማ። «ዓብዲፈታሕ ሊያገባ ነው፤ ከወር በኋላ፣ ኢንሻአላህ። ያን የዕቃ ክፍል ለሙሽሮቹ እፈልገዋለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ምን ገዶኝ፣ ባዶ አደርግልሻለሁ» አለች እናቴ።

አፏን ሞልታ ነው ያለችው፤ ግን ቤት የምትውል ሴት አልነበረችም። ጠዋት ሆቴል አንሶላ ታጥባለች፣ ከሰዓት አንድ ቢሮ ታጸዳለች፣ ስትመጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ እዚያው በተቀመጠችበት ታንጎላጃለች። አባቴ በርበራ የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እናቴ የሰው ቤት ስታጸዳ ከርማ የራሷን የምታጸዳበት ቀን አርብ ብቻ ነበር። ስለዚህ የነበራት አራት አርብ ነው።

በመጀመሪያው አርብ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባችበት። ግቢው ውስጥ ሦስት ክምር ሠራች፤ የሚጣል፣ የሚሰጥ፣ የሚቆይ። የሚቆየው ከሁሉ ያነሰ ነበር። ክንፍ የሌለው ቬንቲሌተር ወጣ፣ የአባቴ አንድ እግር ቦት ጫማ ወጣ፣ አይጥ የበላው ስፖንጅ ወጣ፣ የኔ የአንደኛ ክፍል ደብተሮች ሳይቀሩ ወጡ። እኔ ደግሞ ዕቃ መጣል አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እሷ ጀርባዋን ስታዞር ከሚጣለው ወደሚቆየው አሻግራለሁ፣ እሷ ስትመለስ ደግማ ትመልሰዋለች።

«ሶሊ፣ ይሄ ጄሪካን ቀዳዳ ነው።»

«ይደፈናላ።»

«ማን ነው የሚደፍነው?»

«ኪዱ ሲመጣ።»

እናቴ እጇን ከጄሪካኑ ላይ አነሳች። እኔም ወደሚቆየው መለስኩት። ያን ቀን ሌላ ነገር ሳሻግርም አልተቆጣችኝም፣ እኔም ክርክሩን እንዳሸነፍኩ ነው የቆጠርኩት። የኪዱን ነገር ከሰማች ዘጠነኛ ቀኗ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ስለ ቦርሳዎቹ ልናገር። ያን ጊዜ ወደ ቦሳሶ ወርደው በጀልባ የመን ለመሻገር በሐርጌሳ የሚያልፉ የአገራችን ልጆች ብዙ ነበሩ። ጀልባው ላይ ሰው እንጂ ዕቃ አይጫንም። እናቴ ደግሞ በሐበሻው ዘንድ የታወቀች ነበረች። «እትዬ የሺ፣ ይቺን ቦርሳ አደራ» ይሏታል፣ እሷም እምቢ ማለት አይሆንላትም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያለች በነጭ ጨርቅ ላይ ስማቸውን ጽፋ መያዣው ላይ ትሰፋለታለች። አሥራ አራት ቦርሳ ነበር። እኔ ቆጥሬ አውቃቸዋለሁ። ሁለት ሰዎች ተይዘው ተመልሰው ቦርሳቸውን ሲወስዱ በዓይኔ ስላየሁ የገባኝ ነገር ግልጽ ነበር፤ ቦርሳ ያስቀመጠ ሰው ይመለሳል። ቦርሳው እስካለ ድረስ ሰውየው አለ።

አልሸሽግም፣ ከሁሉ የምወደው የኪዱን ነው። ጥቁር፣ ዚፑ አንድ ቦታ ላይ የሚነክስ። ኪዱ ለሳኝ ነበር፤ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስናል። እኛ ጋ አራት ወር ተቀምጧል። ትምህርት ቤት የምማረው በሶማሊኛና በዓረብኛ ስለነበር የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በአናጢ እርሳስ እየጻፈ። «ሸ» ላይ ስደርስ ሄደ። ሲሄድ ቦርሳውን እናቴ ፊት አስቀምጦ፣ «ቀሪውን ስመለስ፣ ሶሊ። ዘበኛዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሥራ እንደተሰጠው ሰው ነው የያዝኩት።

ጀልባው ሳይሻገር ሰጠመ። የተረፈ አንድ ያገሩ ልጅ ከየመን ደውሎ ለእናቴ ነገራት። ለኔ አልነገረችኝም፤ መርዶ ቤተሰቡ ሳይረዳ አይወራም፣ እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ አያድርም። የኪዱ እናት እማማ ወለተማርያም ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ገጠር ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስትወጣ ከወንድሟ ከጋሽ ገነነ ስልክ እየደወለች የልጇን ወሬ ትጠይቃለች። ሞት ደግሞ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት የሚሄድ ታማኝ ሰው ይፈለጋል፣ ያ ሰው ለዘመዶች ይነግራል፣ ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው ያረዳሉ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ መሐል የሚቀመጠው የሟቹ ልብስ ነው። እሱን እያነሱ ነው የሚለቀሰው። እናቴ ያንን ሰውና ያንን ቦርሳ ለማገናኘት ነበር ደፋ ቀና የምትለው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማውቀው በሁለተኛው አርብ እናቴና ኢዶ አርዶ ጓዳው ውስጥ ገብተው በር መዝጋታቸውን ነው። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ምስር የምለቅም መስዬ አዳምጣለሁ። እናቴ ስትደዋውል፣ ስም ስትጠራ፣ «እሺ፣ ለሰው ልስጥልህ?» ስትል ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። አርዶ ደግሞ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። እሷ ይህን ስትል ሰምቻት አውቃለሁ፣ የወርቅ ጉትቻዋ የጠፋ ዕለት ነው። አሁንስ ምን ጠፋባት ብዬ ምስሩን ጥዬ ግቢው ውስጥ መሬት መሬቱን ስፈልግ ዋልኩ።

በሦስተኛው አርብ ቦርሳዎቹ መሄድ ጀመሩ። የተገኙት ባለቤቶች ዘመድ እየላኩ ወሰዱ። «እትዬ፣ ለቸገረው ስጪልኝ» ያሉት ደግሞ አያሃ ሰፈር ለቀን ሠራተኞች ተላከላቸው። ቤቱ እየሰፋ ሲሄድ እናቴ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ እየከበደ ሄደ። የኪዱን ቦርሳ ከፍታ ልብሱን አንድ በአንድ አወጣች፣ ሸሚዞቹን ሳታጥብ እንዳሉ አጣጥፋ መልሳ ከተተች፣ ከሦስቱም ክምር ለብቻው በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሄስ?» አልኳት።

«አስረስ ይወስደዋል። ነገ አገር ቤት ይሄዳል።»

«አስረስ ለምን?»

«አንቺ ምን አገባሽ፣ ምስርሽን ልቀሚ።»

አስረስን አውቀዋለሁ። ብረት አሳሪ ነው፣ የኪዱ ያገሩ ልጅ፣ ከሱ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን የኪዱን ጃኬት ሳያስፈቅድ ለብሶ ወጥቶ ሲጣሉ አይቻለሁ። ነገሩ ወዲያው በራልኝ። ጃኬቱ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ አስረስ ጃኬቱን ይወዳል፣ እናቴ ደግሞ ቤት ለማራቆት ያላት ጥድፊያ የሰው አደራ እስከመስጠት አድርሷታል። በኛ ዘንድ ከአደራ በላ የሚብስ ስድብ የለም። እናቴን በዚያ ስም ሊጠሯት ነው። አፈርኩባት፣ ደግሞም ላድናት ፈለግኩ።

አርዶ ለሰላት፣ እናቴ ደግሞ ወደ ሱቅ ሲወጡ ቦርሳውን አንስቼ የአርዶ ሳሎን ገባሁ። ለሙሽሮቹ የተገዛው ቁም ሣጥን ከነላስቲኩ እዚያ ቆሟል። ላስቲኩን ከሥር ገልጬ፣ የታችኛውን መሳቢያ ስቤ ቦርሳውን አጋድሜ ጠቅጥቄ ዘጋሁት። ዚፑ ነክሶ ጣቴን አደማው።

ከሰዓት አስረስ መጣ። እናቴ በሩ አጠገብ ስትደርስ ቦርሳው የለም። ሦስቱን ክምር ገለበጠች፣ አልጋ ሥር ገባች፣ ወደ አያሃ ሰው ልካ በስህተት ተቀላቅሎ እንደሆነ አስጠየቀች።

«ሶሊ፣ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት የመጀመሪያዬ ነበር። አስረስ ግድግዳ ተደግፎ፣ «በቃ እትዬ፣ ባዶ እጄን እሄዳለሁ፣ ምን ይደረግ» ይላታል። እኔ ጥግ ቆሜ፣ ነገራቸው ስለከሸፈ ነው የምታለቅሰው እላለሁ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። እናቴ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኳን ቤት እየረሳች መሄድ አብዝታ ነበር። እኔ መርሳት ይመስለኝ ነበር እንጂ ለካ እማማ ወለተማርያምን መዋሸት ስላቃታት ነው። «ከጠራ እንዳታነሺ» ብላኛለች። ጠራ። ሌላ ጊዜ እተወው ነበር፣ ያን ቀን ግን የምናገረው ነገር ነበረኝ።

«የሺ?»

«ሶሊ ነኝ፣ እማማ። እናቴ ሥራ ናት።»

«ደህና ነሽ ልጄ? ከኪዱ ወሬ አለ?»

«የኪዱ ቦርሳ አለ። አስረስ ሊወስደው ነበር፣ እኔ ደበቅኩት። ማንም አያገኘውም።»

ከገበያው ጫጫታ ራቅ አለች።

«ቦርሳው እናንተ ጋ ነው?»

«አዎ። ስመለስ እወስደዋለሁ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ዘበኛዋ እኔ ነኝ።»

«ተባረኪ» አለችኝ። «እደጊልኝ ልጄ። ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል፣ ምን እንደሰሙ እንጃ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም። ተባረኪ። ዛሬ ልተኛ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ አንድ ክንድ ያደግኩ መሰለኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያቦካሁት ግን ለስንት ዓመት በቃ።

አስረስ ማክሰኞ አገሩ ገባ። ረቡዕ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ከጋሽ ገነነና ከአስረስ ጋር የእማማ ወለተማርያምን በር አንኳኩ። የሆነውን ጋሽ ገነነ ለእናቴ ነግሯት፣ እሷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለኔ ነግራኛለች። እማማ ወለተማርያም ጨርሰው እስኪናገሩ ሰማቻቸው። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም።

«ሰው ሲሞት ልብሱ ይመጣል» አለች። «የልጄ ልብስ የታለ?»

«ሊነሳ ሲል ጠፋብን» አለ አስረስ።

«አልጠፋም። የየሺ ልጅ ደብቄዋለሁ ብላኛለች። ሕፃን አይዋሽም። ሊወስደው የነበረው አንተ ነህም ብላኛለች።»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አስረስን አዩት። ልጁ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ዘመዶቹ ፊት ሌባ ሆነ። እማማ ወለተማርያም ለሁሉም ቁርስ አቅርባ፣ አብልታ ሸኘቻቸው። ጥቁር አልለበሰችም። እስክትሞት ድረስ አልለበሰችም። ዘመዶቿ የኪዱን ፍትሐት እሷ በማትሳለምበት ሩቅ ደብር ተደብቀው አስደረጉ።

ቦርሳው የተገኘው የሰርጉ ሳምንት ነው። ሦስት ወንዶች ቁም ሣጥኑን ወደ ጸዳው ክፍል ሊያስገቡ ሲሉ ከበደባቸው፣ አርዶ መሳቢያውን ሳበችና «የሺ፣ ነዪ» ብላ ተጣራች። እናቴ ቦርሳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አስረስ እንዳይበላው ብዬ ነው» አልኳት። ወይ ጥፊ ወይ ምርቃት ጠበቅኩ።

አንዱም አልመጣም። ስልኳን ይዛ ወጣች። ከመስኮቱ ሥር የሷን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። «ልላከው ወይ፣ ጋሼ?... እየበላች ነው?... ቤተ ክርስቲያንም ትሄዳለች?... እሺ። እሺ፣ እንዳልክ።» ጋሽ ገነነ የነገራት ይህን ነው፤ ተያት፣ ሰው ሆናለች፣ አሁን ቦርሳ ብናመጣባት ሁለተኛ መግደል ነው፣ እሷ ራሷ አምጡልኝ እስክትል አቆዪው።

እናቴ ተመልሳ ቦርሳውን አልጋችን ራስጌ አስቀመጠችው። ክፍላችን አንድ ሆኗል፤ እግር መዘርጊያ የለም። «ይሄ ይቆያል» አለች። ክንድ የሌለው ወንበር ሳይቀር የጣለች ሴት ቦርሳውን አቆየችው። ቃሌን ሰምታ የተመለሰች መሰለኝ፤ ኮራሁባት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ወለተማርያም ስትደውል ከእናቴ ጋር ሁለት ቃል ትለዋወጥና «ሶሊን አቅርቢልኝ» ትላለች። ሌላ ሰው አታምንም።

«ቦርሳው አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«አይጥ እንዳይበላው።»

«ናፍታሊን አድርጌበታለሁ።»

ስምንት ዓመት እንዲህ ተባባልን። እናቴ በነዚያ ደቂቃዎች ሁሌ ሥራ ታገኛለች፤ ልብስ ታጥፋለች፣ ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። እኔ የሥራ ፍቅር ነው እል ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር የተሻለ ቤት አገኘን። በዚህ ጊዜ ዕቃ የምትመርጠው እናቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ወገቧን ያማታል፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ባይ ነኝ። ቤት ስንለዋወጥ ሦስት ጊዜ አብሮን የተጓዘውን ቦርሳ አንስቼ፣ «እማ፣ አሁንስ ይሰጥ። ኪዱ ቢመጣ እንኳ ይሄ ልብስ አይሆነውም፣ የመን ሄዶ ወፍሯል» አልኳት። እየሳቅኩ ነበር።

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

ነገረችኝ። ጀልባውን፣ ማለዳውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አስረስ ለምን ዓመት ሙሉ ደጃችን እንዳልደረሰ። እኔን ልትወቅስ አይደለም፣ ስትናገር ድምፅዋ የዕለት ተዕለቱ ድምፅ ነበር። እኔ ግን ቦርሳውን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ማስቀመጫው ጠፋኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ቅዳሜ ስትጠይቅሽ ምን ልትያት?» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ጠራ። እናቴ ሰላምታውን ጨርሳ ስልኩን ዘረጋችልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እጇን አላጠፈችም።

«ሶሊ፣ ልጄ። ቦርሳው አለ?»

ቦርሳው ከፊቴ ነው። መለያ ጨርቁ ላይ የእናቴ ጽሑፍ ይነበባል።

«አለ፣ እማማ።» ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸኋት ያን ቀን ነው።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ዳማከሴ አሽተሽ ጠጪበታ። እዚያ አገር ይገኛል?»

«አይገኝም።»

«እንግዲያው እልክልሻለሁ። አስረስ እዚህ ነው፣ ሰሞኑን ይመለሳል አሉ። ሌባ ቢሆንም መቼም ቅጠል አይሰርቅም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን አስረስ በዚያው ሳምንት ከመሄዱ በፊት መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ እንደሁልጊዜው ቀድሞ ሰላም ብሎኝ ነበር።

«አስረስ ሌባ አይደለም፣ እማማ» አልኳት።

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት። አልተቋረጠም።

«እሱስ አይደለም» አለች እማማ ወለተማርያም በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ተይው እሱን፣ ልጄ። ቦርሳው አለ አይደል?»

«አለ።»

«በቃ» አለችና የዳማከሴውን አጠጣጥ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳችኝ።